የኣደይ ብርኽቲ አመድ ውሃ

ኣደይ ብርኽቲ ማረፋቸውን የነገረችኝ ባለቤቴ ናት። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ፣ ነጠላዋን ገና ሳታወርድ፣ «በዚያ ምድር ቤት አብረሃቸው የሠራህ እናት ትናንት ዐርፈዋል» አለችኝ። እኔ የወንበር እግር እየጠገንኩ ነበር። «ነፍስ ይማር» አልኩና መዶሻዬን አነሣሁ። ምስማሩ ተጣመመ። ነቅዬ ሌላ መታሁ፤ እሱም ተጣመመ። ባለቤቴ ቆማ ታየኝ ነበር። የእኚህን ሴት ስም ሁለት ዓመት ሙሉ በቤቴ ለምን እንደማላነሣ ጠይቃኝ አታውቅም፤ ያን ቀንም አልጠየቀችኝም።

እኔ ስለ ሰው ለመጻፍ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጫለሁ፤ የማውቀውን ሁሉ ያገኘሁት ከአሮጌ መጻሕፍት ለቃቅሜ ነው። ነገር ግን በቤቴ አንድ ሕግ አለ፤ አራቱም ልጆቼ ያውቁታል። ያጠፋ ሰው ጥፋቱን በራሱ አፍ ከተናገረ አይቀጣም፤ ሌላ ሰው እስኪደርስበት ከጠበቀ ይቀጣል። በዚህ ሕግ ልጆቼን ቀጥቻለሁ፤ ጨካኝ ነህ ብባልም አልተመለስኩም።

ኣደይ ብርኽቲ በመቀሌ የፍራፍሬ ነጋዴዎች ዘንድ በሁለት ነገር ይነሣሉ። ፍሬ ማቆየት ከማንም በላይ የሚያውቁ ሴት ነበሩ ይባላል። በስተመጨረሻ ግን እጃቸው ተሳስቶ አንድ ምድር ቤት ሙሉ ብርቱካን አበሰበሱ ይባላል። የመጀመሪያው እውነት ነው። ሁለተኛውን ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ምድር ቤቱ ቀዳማይ ወያነ በሚባለው ሰፈር፣ ከገበያው ጀርባ፣ በአንድ አሮጌ የድንጋይ ቤት ሥር ነው። ዐሥራ ሁለት የድንጋይ ደረጃ ይወርዳል። ከላይ ፀሐይ ድንጋዩን ስታግለው እንኳ እታች እንደ ዋሻ ይቀዘቅዛል። ነጋዴዎች ከራያና ከቆላው የሚያስመጡትን ብርቱካን፣ ሎሚ፣ ማንጎ በሳጥን እያወረዱ ለእሳቸው ያስረክባሉ፤ ገበያው እስኪደርስ እሳቸው ያቆዩላቸዋል። መንገዱ ተዘግቶ የኖረበት ዘመን አልፎ መኪኖች መመላለስ ሲጀምሩ፣ እኔ የጭነት መኪና ረዳትነቴን ትቼ እሳቸው ዘንድ ሥራ ገባሁ። አርባ ዓመት አልፎኝ ነበር። ከደሴ መጥቼ እዚህ አግብቼ የቀረሁ ሰው ነኝና፣ «ወዲ ደሴ»፣ የደሴ ልጅ፣ ይሉኝ ነበር፤ ሲወዱኝ ደግሞ «ሰይፉ ወደይ»፣ ሰይፉ ልጄ።

የመጀመሪያ ቀን መጨረሻው ደረጃ ላይ አቆሙኝና መብራቱን አጠፉ። ጨለማው ፊቴን የነካኝ መሰለኝ።

«ምን ይሸትሃል?» አሉኝ።

«ብርቱካን።»

«እሱን ማን ያጣዋል። ሌላ?»

አየሩን ደጋግሜ ሳብኩ። ቆይቶ አንድ ነገር መጣልኝ፤ ጣፋጭ፣ እንደ ርካሽ ሽቶ ያለ፣ ውስጡ ግን አፈር አፈር የሚል። «ሽቶ» አልኩ። እሳቸው ወደ ጨለማው ገቡ። የእግራቸው ኮቴ አይሰማም ነበር፤ ጫማቸውን ሁልጊዜ ላይ ያወልቃሉ። የሳጥን ድምፅ አልሰማሁም፤ ሲዳብሱም አልሰማሁም። ጥቂት ቆይተው አጠገቤ ተገኙ፤ በእጃቸው በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘው። ፀሐይ ላይ ወጥተን ሲፈቱት አንድ ብርቱካን ነበር። ግማሹ ደህና ነው። ሌላው ግማሽ አረንጓዴ ዱቄት የተነፋበት ይመስላል፤ ዙሪያውን ነጭ ቀለበት ይዞታል።

«ይህ ሞቷል» አሉ። «ጎረቤቶቹ ገና አልሰሙም።»

ነጋዴዎቹ የኣደይ ብርኽቲን አሠራር «ግንዘት» ይሉት ነበር። የሻገተ ፍሬ በባዶ እጅ አይነካም። እርጥብ ጨርቅ ቀስ ብሎ ይለብሳል፣ ትንፋሽ ይያዛል፣ ይጠቀለላል፣ ደረጃውን ሳይነቀነቅ ይወጣል፣ ከጓሮው ጉድጓድ ገብቶ አፈር ይመለስበታል። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ማንም አይናገርም። ወለሉም ደረቁን አይጠረግም፤ ውሃ ይረጫል መጀመሪያ። እኔ በልቤ ጥንቆላ ብዬው ነበር። በኋላ ግን በባትሪ ብርሃን አንድ ጊዜ አሳዩኝ። የሻገተ ሎሚ ላይ ጨርቁን ሳያለብሱ በጣታቸው ጫፍ ነካ ሲያደርጉት፣ ከላዩ ጭስ የመሰለ ነገር ተነሣ። አልወደቀም። በብርሃኑ ውስጥ ተንጠልጥሎ ቆየ፣ ከዚያ እኔ ስተነፍስ ወደ እኔ መጣ። እያንዳንዷ ቅንጣት ዘር ናት፤ የተጫረ ልጣጭ ካገኘች ትበቅላለች።

ኣያ ግደይ የሚባል ነጋዴ ነበር፤ ትልቁ ደንበኛቸው፣ ቀልድ የሚወድ ሰው። አንድ ቀን ግንዘቱ ላይ ደርሶ፣ «ኣደይ ብርኽቲ፣ ፍትሐቱንስ ማን ያድርስላቸው?» አላቸው። እሳቸው አፈሩን በእግራቸው እየደለደሉ፣ ቀና ሳይሉ፣ «አንተን አልጠራም። ድምፅህ ሻካራ ነው፤ ይነቃሉ» አሉት። ሁላችንም ሳቅን። እሱም ሳቀ፤ ግን ጉድጓዱን ዞር ብሎ አየው።

ምላሳቸውን ደግሞ አልረሳም። አዲስ ሳጥን ሲወርድ ከመካከሉ አንዱን አንሥተው የልጣጩን ጎን በምላሳቸው ጫፍ ነካ ያደርጉታል፤ ከዚያ ዐይናቸውን ጨፍነው ይቆማሉ። ይህ ዐሥር ቀን ይቆያል፣ ይህ አምስት፣ ይሄኛው ዛሬውኑ ይሸጥ ይላሉ። ሲስቱ አላየሁም። አንዳንድ ጊዜ ሰውም እንደዚያው ያዩ ነበር፤ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ ምላሳቸውን ከንፈራቸው ላይ አስቀምጠው። ያኔ ፊቴን አዞራለሁ፤ ስንት ቀን እንደሚሰጡኝ ማወቅ አልፈልግም ነበር።

የሥራቸው ምሥጢር በሁለት ገንቦ ውስጥ ነበር። በአንደኛው አመድ ውሃ አለ። የወይራ አመድ ተነፍቶ፣ ውሃ ውስጥ አድሮ፣ ጠልሎ፣ በጣት መሐል ሲታሽ እንደ ሳሙና የሚያንሸራትት። ብርቱካንና ሎሚ የሚታጠበው በዚህ ነው፤ ከዚያ በጥላ ይደርቃል። በሁለተኛው ገንቦ የሎሚ ጭማቂ የተቀላቀለበት ውሃ አለ። እሱ የማንጎ ብቻ ነው። ገንቦዎቹ ጎን ለጎን አይቀመጡም፤ የአመዱ በበሩ ቀኝ፣ የሎሚው በግራ።

ለምን ብዬ ስጠይቃቸው እንደ ሰው ጠባይ ነገሩኝ። ሻጋታ ሁሉ አንድ አይደለም አሉ። የብርቱካን ሻጋታ ጎምዛዛ ይወዳል፤ የገባበት ቤት በቂ ካልጎመዘዘለት ራሱ ያጎመዝዘዋል፣ ከዚያ ተደላድሎ ይበላል። አመድ የጎምዛዛ ጠላት ስለሆነ ያን ያፈርስበታል። የማንጎው ሻጋታ ግን ሌላ ነው። እሱ ጎምዛዛ ይፈራል። ፍሬው ጥሬ ሳለ ልጣጩ ሥር ተኝቶ ይጠብቃል፤ ሲበስልና ጎምዛዛነቱ ሲቀንስ ይነሣል፤ የቀረችውንም ጎምዛዛነት ራሱ ያጠፋና ጥቁር ጠባሳ ሆኖ ይወጣል። ለእሱ ሎሚ ነው መድኃኒቱ፤ አመድ ብትሰጠው ግን በሩን ከፈትክለት ማለት ነው።

እኔ ይህን አላመንኩም። ሽፋኑ የወለቀ አንድ የኬሚስትሪ መጽሐፍ ነበረኝ፤ አሲድ ብዙ ተሐዋስያንን ይገድላል ይላል፤ ሎሚና ኮምጣጤ ምግብ ያቆያሉ ይላል። እንግዲያውስ ለማንጎ የሠራ ሎሚ ለብርቱካን ለምን አይሠራም? አመዱን የአሮጊት ልማድ ነው አልኩ። መጽሐፉ አልዋሸም። እኔ ነኝ የወደድኩት መስመር ላይ ስደርስ ማንበብ ያቆምኩት።

በዚያም ላይ ነገሩ ለጠባዬ ይስማማኝ ነበር። ልጆቼን ጣፋጭ አትሁኑ፣ ጣፋጭ ቶሎ ይበሰብሳል፣ ጎምዛዛ ሰው ግን ይቆያል እያልኩ ነው ያሳደግሁት። ይህን ለኣደይ ብርኽቲ በኩራት ነገርኳቸው። ሎሚ እየመረጡ ነበር። አንዱን አንሥተው አገላብጠው አሳዩኝ፤ እንብርቱ አካባቢ አረንጓዴ ነጥብ ይዟል።

«አንተ ራስህን ሎሚ አድርገሃል» አሉኝ። «ሎሚም ይሻግታል፣ ሰይፉ ወደይ። ሎሚ የሚወድለት ሻጋታ አለው።»

ቅር ብሎኝ ዋልኩ።

በሦስተኛው ዓመት፣ ዐቢይ ጾም ሊጋመስ ሲል፣ ኣያ ግደይና ሌሎች ሁለት ነጋዴዎች ከፋሲካ በኋላ ለሚመጣው የሰርግ ወራት እንዲቆይላቸው ብርቱካን አስመጡ። ምድር ቤቱ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሞላ። በዚያው ሳምንት ኣደይ ብርኽቲ ለእህታቸው ተዝካር ወደ ሐውዜን መሄድ ነበረባቸው። ለአንድ ቀን እንኳ ከሥራው ሳይለዩ ብዙ ዘመን ኖረዋል። የአመድ ውሃውን ራሳቸው አዘጋጅተው፣ በጣታቸው አሽተው፣ «በዚህ እጠበው፣ አድርቀው፣ ደርድረው። ሌላ ምንም አትጨምርበት» ብለው ቁልፉን ሰጡኝ። ሲወጡ ደረጃው ላይ ቆመው ወደ ኋላ ዞሩ። እኔን መሰለኝ የሚያዩት። ሳጥኖቹን ነበር።

አመድ ውሃውን ደፋሁት።

የሎሚውን ገንቦ ሞላሁ፤ ጭማቂ ጨመርኩበት፤ ብርቱካኑን ሁሉ በእሱ አጠብኩት። እሳቸው ሲመለሱ አንድም ፍሬ ሳይሻግት አግኝተው መጽሐፍ ያነበበ ሰው ምን እንደሚያደርግ እንዲያዩ ፈልጌ ነው። ሌላውን ሁሉ እንዳስተማሩኝ አደረግሁ፤ በጥላ አደረቅሁ፣ ቀስ ብዬ ደረደርኩ። ስለዚህ ጥፋቱን በሌላ ላይ ማመካኘት አልችልም።

ሦስት ቀን ደህና ነበር። በአራተኛው ማለዳ ደረጃው ላይ ሳለሁ ያ ሽቶ መጣ። አንዱን አገኘሁትና ገነዝኩት። በአምስተኛው ቀን ሽቶው በሩ ላይ ጠበቀኝ። አንዱን ስገንዝ ከሥሩ ሌላው እንደ ረጠበ ወረቀት በጣቴ ገባልኝ፤ ሞቅ ይል ነበር፣ በዚያ ቀዝቃዛ ቤት፣ እንደ ሕፃን ግንባር። ጨርቅ አለቀብኝ። መብራቱን አጥፍቼ ወጣሁ፤ ስወጣ ከኋላዬ አንድ ሳጥን ውስጥ ለስላሳ ድምፅ ሰማሁ፤ አንድ ነገር በራሱ ክብደት ዝቅ ሲል። በስድስተኛው ቀን አልወረድኩም። በሩን ቆልፌ ደጅ ተቀምጬ ዋልኩ። ሰው ሲጠይቀኝ ሁሉም ደህና ነው አልኩ።

በሰባተኛው ቀን ጠዋት ኣደይ ብርኽቲ ከመናኸሪያው በቀጥታ መጡ። ደጁ ላይ ሲደርሱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉና እጃቸውን ለቁልፉ ዘረጉ።

በሩን ሲከፍቱ ከታች አየር ወጣ፤ ቤቱ የተነፈሰ መሰለ። ባትሪውን ያዝኩላቸው። ሳጥኖቹ በግ በግ ይመስሉ ነበር፤ ነጭ ሱፍ ለብሰው፣ ሱፉ ላይ ያ አረንጓዴ ዱቄት። ብርቱካን የሚባል ቀለም የሚታየው እዚህም እዚያም ብቻ ነበር። ዱቄቱ በብርሃኑ ውስጥ በዝግታ ይዞራል። ድምፅ የለም። ኣደይ ብርኽቲ አንድ እርምጃ ገቡ፤ ከዳር ካሉት ሳጥኖች ገና ያልተነካ አንድ ብርቱካን መረጡ፤ ነጠላቸውን ዝቅ አድርገው ልጣጩን በምላሳቸው ነኩት።

ዐይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። ሲከፍቱት እኔን አላዩም፤ እጄን አዩ። ጣቶቼ በሎሚ ተጨማድደው ቆዳቸው ተነሥቶ ነበር።

ያን ጊዜ ኣያ ግደይ ደረጃውን እየወረደ ነበር። ሽቶው መንገድ ድረስ ወጥቶ ጠርቶታል። ያየውን አይቶ ግድግዳውን ያዘ፤ ቀልዱ ሁሉ ከፊቱ ጠፋ።

«ማን ነው ይህን ያደረገው?» አለ።

ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር፤ ይህን በእውነት እላለሁ። ግን አፌ ተከፍቶ ቀረ። በቤቴ አራት ልጆች አሉኝ፣ ሥራ የለም፣ ይህን ሁሉ በአንድ ቅጽበት አሰብኩ። ሰበቡ ሁሉ እውነት ነበር፤ እውነተኛ ሰበብም ሰበብ ነው።

«የኔ እጅ ነው» አሉ ኣደይ ብርኽቲ። «ከመሄዴ በፊት እኔ ነኝ ያጠብኩት። የአመዱ መጠን ስቶኝ ነው።»

ኣያ ግደይ አመናቸው። ሰባ ዓመት የተጠጋቸው ሴት ናቸው፤ ሰው የሽማግሌን ስህተት ለማመን አይቸገርም። እኔ ባትሪውን እንደያዝኩ ቆምኩ። ብርሃኑ አንዴ እሳቸው ፊት ላይ፣ አንዴ ሱፉ ላይ ይወድቅ ነበር።

ቀኑን ሙሉ አወጣን። እኩለ ቀን ላይ ጓሮ ስወጣ ከጉድጓዱ አጠገብ ተንበርክከው አየኋቸው። በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ነበር በእጃቸው፤ ቅርጹ የብርቱካን አይደለም፤ ጠፍጣፋና ብዙ ነው። ያን ጊዜ ገባኝ። በግራ በኩል ከገንቦው ጀርባ የጣልኩት የተጨመቀ የሎሚ ልጣጭ ነው። ነጋዴዎቹ ሳያዩት ገንዘው ቀበሩልኝ። ቀና ብለው አዩኝ። የሚጠብቁት ነገር ያለ መሰለኝ። የያዝኩትን አካፋ ዘርግቼ ሰጠኋቸው፤ ሌላ የሰጠኋቸው ነገር የለም።

ነጋዴዎቹ ፍሬያቸውን ከዚያ ወዲህ አላወረዱም። በየገበያው ኣደይ ብርኽቲ አርጅተዋል፣ እጃቸው ከድቷቸዋል ተባለ። ምድር ቤቱ እስከ ሰኔ ባዶውን ቆይቶ ተዘጋ። እኔ ሓወልቲ አካባቢ በአንድ ሆቴል ዕቃ ግምጃ ቤት ሥራ አገኘሁ። ለሥራው የመሰከረልኝ ኣያ ግደይ ነው፤ «ጠንቃቃ ሰው ነው፣ ከኣደይ ብርኽቲ ጋር ሠርቷል» ብሎ።

በዚያው ዓመት በቤቴ ሦስት ብርቱካን ወሰድኩ። ሦስቱንም በመርፌ ጫርኩ፤ ከሻገተ ሎሚ ላይ ዱቄቱን ቀባኋቸው። አንዱን በአመድ ውሃ፣ አንዱን በሎሚ፣ አንዱን በባዶ ውሃ አጥቤ በመስታወት ብልቃጥ ቁም ሳጥን ላይ ደረደርኩ። ባለቤቴ «ቤቴን መቃብር አደረግኸው» አለችኝ። ትንሿ ልጄ በዚያ ክፍል አልተኛም ብላ አለቀሰች፤ ብልቃጦቹ ያዩኛል አለች። የሎሚውና የባዶ ውሃው በአምስተኛው ቀን ተከታትለው ሱፍ ለበሱ። ሎሚው ምንም አልጠበቀውም። የአመድ ውሃው ብርቱካን ግን ቆየ። ሌሎቹ ፈስሰው አልቀው እሱ እየጠነከረ፣ እየተጨማደደ፣ እንደ ትንሽ የሽማግሌ ራስ ሆኖ ቁም ሳጥኑ ላይ ተቀመጠ። የመጀመሪያ ልጄ ሰናይት አንድ ቀን ብልቃጡ ፊት ተቀምጬ አገኘችኝ።

«አባቴ፣ ምንድን ነው የምትጠብቀው?» አለችኝ።

«እውነቱን ለማወቅ ነው» አልኳት። እውነቱን ግን ከመጀመሪያው አውቀው ነበር። ፈተናው ጥፋቴን ለመናገር የሚያስፈልገኝን ጊዜ ለማራዘም የተገኘ ሥራ ነበር፤ ሰው እንዲህ ራሱን በትጋት ያታልላል።

ከኣደይ ብርኽቲ ቤት እስከ ቤቴ ዐሥር ደቂቃ የእግር መንገድ ነው። ሁለት ዓመት በዚያ መንገድ አላለፍኩም፤ በሮማናት አደባባይ ዞሬ እሄድ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከታክሲ መስኮት፣ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው አየኋቸው። ጉልበታቸው ላይ ምንም አልነበረም። እጆቻቸው ግን ይሠሩ ነበር፤ አንድ በአንድ ያነሣሉ፣ ያገላብጣሉ፣ ያስቀምጣሉ። ከዚያ አንዱን፣ የሌለውን፣ ወደ አፋቸው አስጠግተው ዐይናቸውን ጨፈኑ። ታክሲው እስኪያልፍ ፊቴን ሸፈንኩ።

ለሠልስታቸው ሰናይትን ይዤ ሄድኩ። ብቻዬን መግባት ፈርቼ ነው። ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። ኣያ ግደይ ከነጋዴዎቹ ጋር ካርታ ይጫወታል። አቅፎ ሳመኝና አጠገቡ አስቀመጠኝ። ስለ እሳቸው በፍቅር ያወራ ነበር፤ ስለ ምላሳቸው፣ ስለ ግንዘቱ፣ ድምፅህ ሻካራ ነው ስላሉት። ሰው በሐዘን ቤት እንደሚስቅ ዝቅ ብሎ ይስቃል። በመጨረሻ ራሱን እየነቀነቀ፣ «በዕድሜ ልካቸው አንድ ስህተት» አለ። «አንድ! ያቺ ብርቱካን ባትኖር ኖሮ እስካሁን ፍሬዬ እሳቸው ጋር ነበር።» ሌሎቹም እርጅና ነው፣ ምን ይደረግ አሉ።

ተነሣሁ። ለምን እንደተነሣሁ ሰናይት አታውቅም፤ መሄዳችን መስሏት ነጠላዋን አስተካከለች።

«ኣያ ግደይ፣ ያን ብርቱካን ያጠብኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «እሳቸው ሐውዜን ነበሩ። ያዘጋጁትን አመድ ውሃ ደፍቼ በሎሚ አጠብኩት። ያበሰበስኩት እኔ ነኝ። እሳቸው ያውቁ ነበር።»

ካርታ የያዙት እጆች ቆሙ። ኣያ ግደይ ካርታውን በጀርባው ገልብጦ አስቀመጠና ወደ እኔ ዞረ።

«እኔ ይህን ወሬ በየሰርጉ አውርቼዋለሁ» አለ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። «ሓወይ፣ ወንድሜ፣ እሳቸው በሕይወት ሳሉ የት ነበርክ?»

«እዚሁ ነበርኩ። ዐሥር ደቂቃ በእግር።»

ሰናይት ከኋላዬ ነበረች፤ ፊቷን ለማየት አልዞርኩም።

የኣደይ ብርኽቲ ልጅ ለምለም ለሐዘንተኛው ውሃ እያዞረች ነበር። ማይጨው አስተማሪ ሆና ስትኖር ቆይታ፣ እናቷ አልጋ ሲይዙ ልታስታምም የመጣች ናት፤ ከዚያ በፊት ተያይተን አናውቅም። ማሰሮውን እንደያዘች ቀረበችኝ።

«ሰይፉ የሚባሉት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ» አልኳት።

ደጋግማ አየችኝ። «እናቴ በሩ በተንኳኳ ቁጥር ‹ሰይፉ ነው?› ትለኝ ነበር። የሚመጣው ጎረቤት ነው፣ ነርስ ናት፣ አይደለም እላታለሁ። ‹ደሓን፣ ግድ የለም፣ ብቻ በሩን እንዳትቆልፊው› ትላለች። ዘመዳችን መስለውኝ ነበር።» ማሰሮውን ወደ ሌላው እጇ አዛወረች። «እስከ መጨረሻው ቀን እንደዚያው ነበረች።»

ድምፅዋ አይከስስም ነበር። የሌላ ሰው የጠፋ ዕቃ እቤቷ ተቀምጦ ኖሮ፣ ባለቤቱን አግኝታ እንደምታስረክብ ሰው ነው የነገረችኝ።